ዎርድፕሬስ ጓዳ ውስጥ ለጸሐፊዎቻችሁ መልእክት የማስቀመጥ መመሪያ

ጥያቄው በየሳምንቱ ይመጣል። ግማሹ በቴሌግራም፣ ግማሹ በስልክ። «ሳይታችን ላይ የሚጽፉ አምስት ስድስት ልጆች አሉ። ሲገቡ የሚያዩት ማሳሰቢያ ማስቀመጥ ፈልጌ ነበር፤ የት ነው የሚጻፈው?» አንዱ ጠያቂ የትምህርት ቤት ሳይት ያስተዳድራል። ሌላዋ ውጭ አገር ያለ የኮሚዩኒቲ ማኅበር ጸሐፊ ናት። ሦስተኛው ትንሽ የኦንላይን ሱቅ አለው። መልሱ ለሁሉም አንድ ስለሆነ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

የምናወራው ስለ ሳይቱ ሳሎን አይደለም፤ ስለ ጓዳው ነው። እንግዳ የሚያየው ገጽ ሳሎኑ ነው። በስምና በይለፍ ቃል ገብታችሁ የምትጽፉበት፣ ፎቶ የምትጭኑበት፣ ትእዛዝ የምታዩበት ደግሞ ጓዳው። መመሪያው በዎርድፕሬስ (የሳይት መሥሪያና ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር) ለተሠራና ፕለጊን (ሳይቱ ላይ ተጨማሪ ሥራ የሚያስገባ ትንሽ ፕሮግራም) መጫን ለሚቻልበት ሳይት ነው።

ኮድ አልለጥፍም። ለምን እንደሆነ ደረጃ 8 ላይ ታገኙታላችሁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የአድሚኒስትሬተር አካውንት። በኤዲተር አካውንት ፕለጊን መጫን አይቻልም።
- አንድ የሙከራ አካውንት፣ ጸሐፊዎቻችሁ ባላቸው የተጠቃሚ ደረጃ የተከፈተ።
- የዛሬ ባክአፕ (የሳይቱ መጠባበቂያ)። ያለፈው ወር አይደለም፣ የዛሬ።
- ኮምፒውተር። በስልክም ይሠራል፣ ግን ቁልፎቹ ስለሚደበቁ ትበሳጫላችሁ።
- ቀድሞ የተጻፈ የመልእክት ጽሑፍ።
- 40 ደቂቃ ያህል። ግማሹ ጽሑፉን በመጻፍ ያልቃል።

ደረጃ 1፦ ለማን፣ የት፣ እስከ መቼ

ኮምፒውተሩን ሳትነኩ ወረቀት ላይ ሦስት መልስ ጻፉ። ይህን የዘለለ ሰው ነው በኋላ «መልእክቱን አስቀመጥኩ፣ ማንም አላየውም» የሚለው።

ለማን? ዎርድፕሬስ ሰዎችን በአምስት ደረጃ ይከፍላል። አድሚኒስትሬተር ሁሉን ያዛል። ኤዲተር የማንንም ጽሑፍ አርሞ ያወጣል። ኦተር የራሱን ብቻ ጽፎ ያወጣል። ኮንትሪቢዩተር ይጽፋል፣ ግን ማውጣት አይችልም፣ ፎቶም መጫን አይችልም። ሰብስክራይበር ከፕሮፋይሉ ውጭ የሚነካው የለም። እንግዲህ «ፎቶ ከመጫናችሁ በፊት አሳንሱ» የሚል ማሳሰቢያ ለኮንትሪቢዩተር ምን ይሠራል? ምንም። ሰው የማይመለከተውን መልእክት ሁለት ሦስት ጊዜ ካየ በኋላ የሚመለከተውንም ማንበብ ያቆማል።

የት? እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ብዙ ሰው ዳሽቦርዱን (የጓዳውን የመጀመሪያ ገጽ) ሁሉም እንደሚያየው አድርጎ ያስባል። አያየውም። ሰብስክራይበር ሲገባ ዎርድፕሬስ በቀጥታ ወደ ፕሮፋይል ገጹ ነው የሚወስደው። የዉኮሜርስ (የኦንላይን ሱቅ ፕለጊን) ሱቅ ካላችሁ ደንበኞች ጭራሽ ወደ ጓዳው አይገቡም፤ ወደ ደንበኛ አካውንት ገጽ ይመለሳሉ። በጣም ንቁ የሆነው ጸሐፊያችሁ ደግሞ የመጻፊያውን ገጽ ብራውዘሩ ላይ ስላስቀመጠው ዳሽቦርዱን ካየ ወራት ሊሆነው ይችላል። ስለዚህ ቦታውን በሥራው ምረጡ፦

- አጠቃላይ መረጃ፣ ስልክ ቁጥር፣ የሳምንቱ ተራ ከሆነ ዳሽቦርድ ላይ ሳጥን (ደረጃ 4 እስከ 7)።
- አንድ ሥራ ሲሠራ ብቻ የሚያስፈልግ ማስጠንቀቂያ ከሆነ እዚያው ገጽ አናት ላይ መስመር (ደረጃ 8)።
- አንድን ጽሑፍ ብቻ የሚመለከት ከሆነ እዚያው ጽሑፍ ውስጥ ማስታወሻ (ደረጃ 9)።

እስከ መቼ? የሚነሳበትን ቀን አሁኑኑ ጻፉ። አንዴ «ዛሬ ማታ ጥገና አለ» ብዬ የለጠፍኩት ስምንት ወር ተቀምጧል። ያወቅኩት አዲስ የተቀጠረች ልጅ «ማታ ማታ ሁልጊዜ ትዘጉታላችሁ እንዴ?» ብላ ስትጠይቀኝ ነው።

ደረጃ 2፦ ጽሑፉን ጻፉ

መጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ ሰውዬው የሚያደርገው ነገር ይኑር። ሰላምታ፣ መግቢያ፣ «እንደሚታወቀው» አያስፈልግም። ሰው ጓዳ የሚገባው ሥራ ሊሠራ ነው። ዓይኑ መልእክቱ ላይ የሚያርፈው ለሁለት ሦስት ሰከንድ ነው።

በዚህ ዓይነት አትጻፉ፦

«ውድ ባልደረቦች፣ በተደጋጋሚ እንደታየው አንዳንድ ፎቶዎች መጠናቸው ከፍ ያለ ስለሆነ በሳይቱ ፍጥነት ላይ ተጽዕኖ እያሳደረ በመሆኑ ሁላችሁም አስፈላጊውን ጥንቃቄ እንድታደርጉ እናሳስባለን።»

እንዲህ ጻፉ፦

«ፎቶ ከመጫናችሁ በፊት ስፋቱን 1600 ፒክስል አድርጉ። ካልቻላችሁ ለትዕግሥት በቴሌግራም ላኩላት፤ አሳንሳ ትመልስላችኋለች።»

ሁለተኛው ሦስት ነገር አለው፦ ምን ይደረግ፣ ስንት፣ ካልሆነስ ማን ጋር። «አስፈላጊው ጥንቃቄ» ምን እንደሆነ ግን ማንም አያውቅም። የጻፈው ራሱም።

በነገራችን ላይ ዎርድፕሬስ ከ5.3 ቅጂ ጀምሮ ከ2560 ፒክስል በላይ የሆነ ፎቶ ሲጫን ራሱ ያሳንሰዋል። ነገር ግን ትልቁን ዋና ፋይል አይጥለውም፤ ሰርቨሩ ላይ ይቀመጣል። ሆስቲንጉ (ለሳይቱ የተከራያችሁት ቦታ) የሚሞላው በዚህ ነው። ስለዚህ ማሳሰቢያው አሁንም ዋጋ አለው።

*ስለ ሰዓትና ቀን።* ይህ የእኛው ጣጣ ነው፣ የውጭ መመሪያ አይነግራችሁም። «ነገ 3 ሰዓት ላይ ሳይቱ ይዘጋል» ብላችሁ ብትጽፉ አዲስ አበባ ያለው ጠዋት ይላል፣ ዋሽንግተን ያለችው በፈረንጅ ሰዓት ከቀትር በኋላ ትላለች። ቀኑም እንደዚያው ነው። ብዙ ሰው ኦክቶበርን «ጥቅምት» ይለዋል፤ በእኛ ጥቅምት 5 እና በኦክቶበር 5 መካከል ግን 10 ወይም 11 ቀን አለ። ሁለቱንም ጻፉ፦

«ሐሙስ ጥቅምት 5 ቀን 2019 (ኦክቶበር 15 ቀን 2026) ከጠዋቱ 3 ሰዓት በአዲስ አበባ ሰዓት ሳይቱ ለአንድ ሰዓት ይዘጋል። ዋሽንግተን ላላችሁ ከሌሊቱ 8 ሰዓት (2 ኤኤም) ነው። ከዚያ በፊት የጀመራችሁትን ሴቭ አድርጉ።»

ረዘመ፣ አውቃለሁ። ግን የሰዓት መልእክት ላይ ቃል መቆጠብ አያዋጣም።

*ስለ ፊደሉ።* ጽሑፉ ከድሮ የዎርድ ፋይል የሚመጣ ከሆነ መጀመሪያ ኖትፓድ ላይ ለጥፉት። ዩኒኮድ ባልሆነ የድሮ የአማርኛ ፎንት የተጻፈ ከሆነ እዚያ የማይነበብ የፈረንጅ ፊደል ዝብርቅርቅ ይሆናል። ያን ጊዜ ለአጭር መልእክት ቀላሉ መላ እንደገና መጻፍ ነው። በደንብ ከተነበበ ከኖትፓዱ ኮፒ አድርጋችሁ ውሰዱት። በዚሁ የዎርዱ ቀለምና የፊደል መጠን አብሮ እንዳይመጣ ታደርጋላችሁ።

ደረጃ 3፦ ባክአፕና የሙከራ አካውንት

ባክአፑን በሆስቲንጋችሁ በኩል ወይም በለመዳችሁት ፕለጊን ውሰዱ። ፋይሉም ዳታቤዙም ይግባ። ጽሑፎቻችሁ ያሉት ዳታቤዙ ውስጥ ነው፤ ፋይል ብቻ መያዝ ቤቱን ይዞ ዕቃውን መተው ነው።

ከዚያ ከግራ ሜኑ «ዩዘርስ» ውስጥ ገብታችሁ አዲስ ተጠቃሚ ክፈቱ። ደረጃውን ከጸሐፊዎቻችሁ ጋር አንድ አድርጉት። ዎርድፕሬስ አንድን ኢሜይል ለሁለት አካውንት አይቀበልም። ጂሜይል ካላችሁ ከስማችሁ በኋላ፣ ከአት ምልክቱ በፊት፣ የመደመር ምልክትና «ሙከራ» የሚል ቃል በላቲን ፊደል ጨምሩ። ዎርድፕሬስ እንደ ሌላ አድራሻ ያየዋል፤ ደብዳቤው ግን እናንተው ሳጥን ውስጥ ይገባል።

የሙከራ አካውንቱን በብራውዘሩ የግል መስኮት፣ ማለትም ኢንኮግኒቶ ላይ ክፈቱት። በዋናው መስኮት አድሚን፣ በግሉ ጸሐፊ ሆናችሁ ጎን ለጎን ታያላችሁ። በአንድ መስኮት ከሞከራችሁ እየወጣችሁ እየገባችሁ ነው የምትውሉት።

ለምን ይህን ሁሉ? አድሚን የሚያየውና ጸሐፊ የሚያየው አንድ ስላልሆነ። «እኔ ጋ ይታያል» የሚለው መልስ ለማንም አይጠቅምም።

ደረጃ 4፦ ፕለጊኑን ጫኑ

ለዳሽቦርድ ሳጥን እኔ የምጠቀመው አልቲሜት ዳሽቦርድ የሚባለውን ነው። ነፃው ቅጂ ለዚህ ሥራ ይበቃል። «ፕለጊንስ» ውስጥ «አድ» የሚለውን ተጫኑ፣ መፈለጊያው ላይ ስሙን በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉ፣ «ኢንስቶል» ከዚያ «አክቲቬት»።

ከመጫናችሁ በፊት ካርዱ ላይ ሁለት ነገር እዩ፦ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደታደሰና ከእናንተ የዎርድፕሬስ ቅጂ ጋር ይሄድ እንደሆነ። ሁለት ዓመት ያልታደሰ ፕለጊን ነፃ ቢሆንም ውድ ነው። ተመሳሳይ ስም ያላቸው ብዙ ስለሆኑ ፊደሉን አስተውሉ።

መልእክታችሁ ማስታወቂያ ሳይሆን የጋራ የሥራ ዝርዝር ከሆነ፣ ማለትም «ይህ ተሠራ፣ ያ ቀረ» የምትባባሉበት፣ ደብልዩፒ ዳሽቦርድ ኖትስ የሚባለው ይሻላል። ዳሽቦርዱ ላይ ባለቀለም ወረቀት እንደመለጠፍ ነው። ማስታወሻውን ለሁሉም ወይም ለራሳችሁ ብቻ ማድረግ ይቻላል፤ የሴቭ ቁልፍም የለውም፣ የጻፋችሁትን ራሱ ያስቀምጣል። እዚህ ላይ አንድ ነገር በሙከራ አካውንቱ አረጋግጡ፦ ጸሐፊው የእናንተን ማስታወሻ ማጥፋት ይችላል ወይ? የሚችል ከሆነ ጠቃሚ ማሳሰቢያ እዚያ አታስቀምጡ።

ሁለቱን ባንድ ጊዜ አትጫኑ። አንዱን ምረጡ።

ደረጃ 5፦ ግርግሩን አንሱ

አዲስ ዳሽቦርድ ስትከፍቱ በሳጥን የተሞላ ነው። ትልቁ የእንኳን ደህና መጣችሁ ሳጥን፣ የዎርድፕሬስ ዜናና ዝግጅቶች፣ ፈጣን ረቂቅ፣ ከዚያ እያንዳንዱ ፕለጊን የጨመረው። የእናንተ መልእክት እዚህ መሐል ከገባ መርካቶ ውስጥ በሹክሹክታ እንደመጣራት ነው።

በአልቲሜት ዳሽቦርድ ሴቲንግ ውስጥ የሳጥኖቹ ዝርዝር አለ። ማየት የማትፈልጉትን ምልክት አድርጉና ሴቭ። እኔ ብዙ ጊዜ የእንኳን ደህና መጣችሁን፣ የዜናውንና የፈጣን ረቂቁን ሳጥን አነሳለሁ።

«ሁሉንም አንሳ» የሚለውን ግን አትቸኩሉበት። «ሳይት ሄልዝ» የሚለው ሳጥን ሳይቱ ላይ ችግር ሲኖር የሚነግራችሁ ነው፤ ይቆይ። ሱቅ ካላችሁም የሽያጩን ሳጥን ሰው ሳትጠይቁ አታንሱ።

ደረጃ 6፦ ሳጥኑን ሥሩ

1. ከግራ ሜኑ አልቲሜት ዳሽቦርድን ክፈቱና አዲስ ሳጥን ጨምሩ።
2. ርዕስ ስጡት። «ማሳሰቢያ» ብቻ አትበሉ፤ በሁለተኛው ሳምንት ማንም አያነበውም። «ፎቶ ስትጭኑ» በሉት። ርዕሱ ብቻውን ግማሹን ሥራ ይሥራ።
3. ዓይነቱን «ቴክስት» አድርጉ። «ኤችቲኤምኤል» የሚለው ለሚያውቀው ነው፤ አንድ ያልተዘጋ ምልክት የዳሽቦርዱን ቅርጽ ያበላሻል።
4. ጽሑፉን ለጥፉ። ዋናውን ቃል ብቻ አድምቁ። ሁሉ ከደመቀ ምንም አልደመቀም።
5. ሊንክ ካለው «እዚህ ተጫኑ» አትበሉ። ሊንኩ «የፎቶ ማሳነሻ መመሪያ» በሚለው ቃል ላይ ይሁን። ሰውዬው የት እንደሚሄድ ሳያውቅ አይጫንም፤ ባይጫንም ልክ ነው።
6. ቦታውን በግራ በኩል ካለው የመጀመሪያ ዓምድ አናት ላይ አድርጉ። ስክሪኑ ጠባብ ሲሆን ዓምዶቹ ይደራረባሉ፤ ከላይ የሚመጣው የመጀመሪያው ነው። በስልክ የሚገባው ጸሐፊ የቀኝ ዓምዱን የሚያገኘው ወደታች ብዙ ስቦ ነው።
7. «ፐብሊሽ»።

አትደንግጡ፤ ፐብሊሽ ቢልም ለእንግዳ አይታይም። ጓዳው ውስጥ ብቻ ነው የሚወጣው።

ደረጃ 7፦ በጸሐፊው ዓይን እዩት

ወደ ግል መስኮቱ ሂዱ፣ በሙከራ አካውንቱ ዳሽቦርዱን አድሱ። ታየ? ጥሩ። አሁን ስልካችሁን አንሱና በዚያው አካውንት ግቡ። አማርኛው ተቆርጧል? ሊንኩ ይከፈታል?

አሁን ሁልጊዜ የሚመጣው ጥያቄ፦ «ለአራቱ ይታያል፣ ለአንዱ አይታይም።» ሰውዬው ዳሽቦርዱ ላይ ቀኝ አናት ላይ «ስክሪን ኦፕሽንስ» የሚለውን ይክፈት። እዚያ ሳጥኖቹ በምልክት ተዘርዝረዋል፤ የእናንተው ላይ ምልክቱን አንስቶት ይሆናል። ወይም ሳጥኑን ጎትቶ ታች ወስዶታል፣ ወይም አጥፎታል። ዎርድፕሬስ ይህን ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻው ያስታውሳል። እናንተ ከአድሚን ሆናችሁ ብትፈልጉ አታገኙትም፤ እሱ ስክሪን ላይ ነው ያለው።

እዚህ ላይ የዳሽቦርድ ሳጥን ድክመት ግልጽ ይሆናል። ሰው ሊደብቀው ይችላል። ለአጠቃላይ መረጃ ችግር የለውም። «ይህን ካላደረግህ የሰው ትእዛዝ ይጠፋል» ለሚል መልእክት ግን አይበቃም።

ደረጃ 8፦ በገጹ አናት ላይ የሚወጣው መስመር

ፕለጊን ሲታደስ ወይም ጽሑፍ ሲወጣ ከላይ የሚመጣውን ረጅም ነጭ ሳጥን ታውቁታላችሁ፤ በግራ ጠርዙ ባለቀለም መስመር ያለው። የራሳችሁን እንደዚያ ማውጣት ይቻላል፣ ግን በኮድ ነው። ኮዱ አጭር ነው። ለምን አልለጠፍኩትም ታዲያ? ሰዎች ከስልክ ኮፒ ስለሚያደርጉት። ስልክና ዎርድ ቀጥ ያለውን የጥቅስ ምልክት ወደ ጠመዝማዛው ይቀይሩታል። ለዓይን ምንም አይደለም፤ ለፒኤችፒ (ዎርድፕሬስ ለተጻፈበት የኮድ ቋንቋ) ግን ስህተት ነው፣ ሳይቱ ይወድቃል። ዎርድፕሬስ ከ5.2 ቅጂ፣ ማለትም ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲህ ሲሆን ለአድሚኑ የመጠገኛ ሊንክ በኢሜይል ይልካል። ያ ኢሜይል የድሮ ሠራተኛ አድራሻ ላይ ከሄደ ግን ሌሊቱን ቁጭ ብላችሁ ታድራላችሁ። አድሬያለሁ።

ስለዚህ ይህን ለኮደራችሁ ስጡ። የአንድ ሰዓት ሥራ አይሞላም። ግን «መልእክት አውጣልኝ» ብቻ ካላችሁት መልእክቱን ሁሉም ገጽ ላይ፣ ለሁሉም ሰው፣ ለዘላለም ያወጣዋል። ይህን ጽፋችሁ ላኩለት፤ ምሳሌው የደረጃ 2 የፎቶ ማሳሰቢያ ነው፦

1. *መልእክቱ የሚታየው ፎቶ መጫን ለሚችል ሰው ብቻ ነው።* የደረጃ ስም ሳይሆን ፈቃዱን ያጣራ። ነገ አዲስ ደረጃ ብትፈጥሩ እንደገና መጠራት የለበትም።
2. *የሚወጣው የሚዲያ ገጾች ላይ ብቻ ነው።* ይህ ካልተባለ ሴቲንግ ገጽ ላይም ይወጣል፣ ሰዉም በሁለት ቀን ይሰለቸዋል።
3. *ቀለሙ ቢጫ ይሁን።* አራት አሉ፦ ቀይ ለስህተት፣ ቢጫ ለማስጠንቀቂያ፣ አረንጓዴ ለተሳካ ነገር፣ ሰማያዊ ለመረጃ። ቀይን ሳይቱ በትክክል ለተበላሸ ቀን አስቀምጡት።
4. *አንዴ የዘጋው ሰው ዳግም አይየው።* ይህን በግልጽ ካልጠየቃችሁ አይሠራም። ዎርድፕሬስ የሚሰጠው የመዝጊያ ኤክስ መልእክቱን የሚያነሳው ለዚያች ቅጽበት ብቻ ነው። ገጹ ሲታደስ ተመልሶ ቁጭ ይላል። ኮደሩ «ይህ ሰው ዘግቶታል» የሚለውን በተጠቃሚው መረጃ ላይ መመዝገብ አለበት።
5. *ከዚህ ቀን በኋላ ራሱ ይጥፋ።* የደረጃ 1 ሦስተኛ መልስ እዚህ ነው የሚገባው።
6. *ቴሙ (የሳይቱን መልክ የሚወስነው) ፋይል ውስጥ አይግባ።* ቴሙ ሲታደስ ይሰረዛል፣ ቴሙ ሲቀየርም ይጠፋል። ለብቻው ትንሽ ፕለጊን ይሁን፤ ችግር ሲመጣ እሱን ብቻ ታጠፋላችሁ።

ሲጨርስ በሙከራ አካውንቱ ሦስት ነገር ሞክሩ። ሚዲያ ገጽ ላይ ይታይ፣ ሌላ ገጽ ላይ አይታይ፣ ዘግታችሁ ስታድሱ አይመለስ። ሦስቱ ካልሆኑ ክፍያውን ያዙት።

*ብዙ ሰው የሚወድቅበት ቦታ፦* ይህ መስመር በአዲሱ የብሎክ መጻፊያ ገጽ ውስጥ አይታይም። «ሌላው ገጽ ላይ አለ፣ ስጽፍ የለም» የሚለኝ ሰው ብዛቱ! ኮዱ አልተበላሸም። ያ መጻፊያ የራሱ የመልእክት አሠራር አለው፣ በጃቫስክሪፕት (ሌላ የኮድ ቋንቋ) የሚጠራ። እዚያም እንዲወጣ ከፈለጋችሁ ለኮደሩ ከመጀመሪያው ንገሩት፤ ሥራው የተለየ ነው፣ ዋጋውም።

ደረጃ 9፦ ጽሑፉ ውስጥ ማስታወሻ

መልእክቱ ስለ አንድ ጽሑፍ ከሆነ፣ ለምሳሌ «ይህ አንቀጽ ላይ ያለው ቁጥር ይጣራ»፣ ፕለጊን አትፈልጉ። ከ6.9 ቅጂ ጀምሮ ዎርድፕሬስ ራሱ «ኖትስ» የሚባል ነገር አለው። አንቀጹን ምረጡ፣ ሦስት ነጥብ ያለውን ሜኑ ክፈቱ፣ ማስታወሻ ጨምሩ። ጸሐፊው ያንን ጽሑፍ ሲከፍት አጠገቡ ያገኘዋል፣ መልስ ይጽፋል፣ ሲያልቅ ይዘጋዋል። አንባቢ አያየውም።

ቅጂያችሁ ከዚያ በታች ከሆነ በጽሑፉ ውስጥ በቅንፍ «ይህ ይጣራ» ብላችሁ አትጻፉ፣ እባካችሁ። አንድ ቀን ከነቅንፉ ይወጣል። በቴሌግራም ተነጋገሩ።

ማስጠንቀቂያ

- የይለፍ ቃል፣ የባንክ መረጃ፣ የደንበኛ ስልክ ሳጥኑ ውስጥ አትጻፉ። በደረጃ ካልለያችሁት ጓዳው የሚገባ ሁሉ ያየዋል። ሰብስክራይበርም ዳሽቦርድ የሚለውን ከተጫነ ያያል። ከሥራ የወጣ ሰው አካውንቱ ካልተዘጋ እሱም።
- ስለ አንድ ሰው ጥፋት ለሁሉም በሚታይ ሳጥን አትጻፉ። ስም ባትጠሩም ያውቃል። ደውሉለት።
- ቅዳሜ ማታ አዲስ ፕለጊን አትጫኑ። የሆስቲንጉ ሰው ስልክ በሚያነሳበት ቀን ይሁን።

የተለመዱ ስህተቶች

*መልእክቱ ለማንም አይታይም።* መልእክት የሚደብቅ ፕለጊን ተጭኖ እንደሆነ እዩ። የፕለጊኖች ማስታወቂያ ያሰለቸው ሰው ሁሉንም የሚያፍን ፕለጊን ይጭናል፤ እሱ ደግሞ የእናንተንም ይዞ ይሄዳል። ፕለጊኑ እናንተን የሚለይበት መንገድ የለውም።

*ሁለት ጊዜ ይታያል።* አንዱ በፕለጊን፣ አንዱ ድሮ ኮደር ባስገባው ኮድ ነው። አንዱን አጥፉ።

*ሰዓቱ ተዛነፈ።* ኮደሩ ያስቀመጠው ማብቂያ በሌላ ሰዓት ደረሰ ማለት ነው። ሴቲንግ ውስጥ «ጄኔራል» የሚለውን ክፈቱና የሰዓት ክልሉን አዲስ አበባ አድርጉ። ትክክል ሆኖ ካገኛችሁት ኮዱ ሰዓቱን ከሰርቨሩ እየወሰደ ይሆናል፤ ለኮደሩ ንገሩት።

*አምስት መልእክት ባንድ ላይ።* ይህ የቴክኒክ ስህተት አይደለም፤ ግን በብዛት የማየው እሱን ነው። ዳሽቦርድ ላይ ከሁለት በላይ ሳጥን አይኑራችሁ። ሦስተኛው ሲመጣ አንዱ ይውጣ።

ደረጃ 10፦ ማንሳት

ስልካችሁ ካላንደር ላይ የማብቂያውን ቀን አሁን መዝግቡ፣ ደወል ይኑረው። በአልቲሜት ዳሽቦርድ ነፃ ቅጂ ውስጥ ማብቂያ ቀን የሚያስገቡበትን ቦታ አትፈልጉ፤ በእጅ ነው የሚነሳው። ቀኑ ሲደርስ ሳጥኑን አትሰርዙት፤ ሥራ ላይ ያለ መሆኑን የሚያሳየውን ቁልፍ አጥፉት ወይም ወደ ረቂቅ መልሱት። በሚቀጥለው ዓመት ለዚያው በዓል፣ ለዚያው ምዝገባ ያስፈልጋችኋል። ቀኑን ብቻ ቀይራችሁ ታወጡታላችሁ። ያን ጊዜ ሁለቱንም ቀን፣ የእኛንም የፈረንጁንም፣ መቀየራችሁን አትርሱ። አንዱን ቀይረው ሌላውን የረሱ ሰዎች ናቸው ሰሞኑን የሚደውሉልኝ።